ብስክሌት በአውሮፕላን፦ ከደብረ ብርሃን እስከ ቦሌ ያለው የሻንጣ ሒሳብ

በመስቀል ሰሞን አንዲት የሰፈራችን ልጅ ለትምህርት ወደ አውሮፓ ልትሄድ አራት ቀን ሲቀራት ብስክሌቷን እየገፋች ወደ ብስክሌት መጠገኛ ሱቄ መጣች። "ጋሼ፣ ይቺን በካርቶን ያሽጉልኝ፤ ይዣት ልሄድ ነው" አለችኝ። እናቷ ዘንቢል ይዘው ከኋላዋ ቆመዋል። ዘንቢሉ ውስጥ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ዳቦ ቆሎና በፕላስቲክ ዕቃ የታሸገ ቅቤ አለ። "መቼም ሳጥኑ ባዶ ቦታ አያጣም፤ ከጎንና ከጎኗ ይሸጎጥልን" አሉ። ልጅቷ ብስክሌቷን እህል ነጋዴ ዘንድ ወስዳ በሚዛን አስመዝናለች፤ 13 ኪሎ። ቲኬቷ 23 ኪሎ ይፈቅዳል። እንግዲህ 10 ኪሎ ይተርፈናል ብለው ከቤት ተማክረው ጨርሰዋል።

ቁጥሩ አልተሳሳተም። የተሳሳተው የሚለካው ነገር ነው። አየር መንገዶች ብስክሌትን የሚያስከፍሉት አብዛኛውን ጊዜ በክብደቱ ሳይሆን በልኩ ነው። ይህን ሳያውቅ ከሰሜን ሸዋ ተነስቶ ቦሌ የደረሰ ሰው እዚያ ሆኖ የሚያስተካክለው ነገር የለም። ቤቱ 130 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ቀርቷል፣ መፍቻው ሳጥኑ ውስጥ ታሽጓል፣ ወረፋውም ከኋላ ይገፋዋል። ጉዳዩ ያለቀው ደብረ ብርሃን ላይ፣ ካርቶኑ ሲዘጋ ነው።

ጥያቄው የአንዲት ልጅ ብቻ አይደለም። ለውድድር የሚወጡ ወጣቶች አሉ፤ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ለወንድም ልጅ ብስክሌት ይዘው የሚመጡ ዘመዶች አሉ። ከጣርማበር ቁልቁለት ለመውረድ ሲሉ የራሳቸውን ብስክሌት ጭነው የሚመጡ እንግዶችም አውቃለሁ። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ካለው ዋሻ ተነስቶ በደብረ ሲና በኩል ሸዋ ሮቢት ቆላ ድረስ መውረድ የትም የሚገኝ መንገድ አይደለምና አይፈረድባቸውም። እ.ኤ.አ. በ2025 መስከረም የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ ኪጋሊ ላይ ተካሄደ። ከዚያ ወዲህ ወደ ሱቄ የሚመጡ ልጆች ጥያቄ ተለውጧል። ድሮ "ይሄ ማርሽ ስንት ነው?" ነበር፤ አሁን "ጋሼ፣ ይዞ ለመውጣት ምን ያስፈልጋል?" ሆኗል።

158 ሴንቲ ሜትር

አብዛኞቹ ዓለም አቀፍ አየር መንገዶች ለኢኮኖሚ ተጓዥ የሚፈቅዱት አንድ ሻንጣ ሁለት ወሰን አለው። አንዱ ሁሉም ሰው የሚያውቀው 23 ኪሎ ነው። ሁለተኛውን ብዙ ሰው የሚያውቀው ከከፈለ በኋላ ነው፤ ርዝመቱ፣ ስፋቱና ከፍታው ተደምሮ ከ158 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። የተለመደው የብስክሌት ካርቶን ርዝመቱ 140፣ ከፍታው 80፣ ውፍረቱ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሲደመር 240። ከወሰኑ በ82 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል፤ ውስጡ ጥጥ ብቻ ቢሞላም ይበልጣል።

ከዓመታት በፊት እኔም ከውጭ አገር ስመለስ በዚህ ተይዣለሁ። ሳጥኔ ሚዛኑ ላይ 21 ኪሎ ሲል እፎይ አልኩ። ሠራተኛዋ ግን ሜትር አውጥታ ለካች፤ "ከልክ በላይ" የሚል ክፍያ ጻፈች። ክፍያው የብስክሌቱን ዋጋ ሊያክል ትንሽ ነበር የቀረው። ከፍዬ ገባሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ? ያንን ቀን የማልረሳው በገንዘቡ ብቻ አይደለም። ደንቡ ቀድሞ ተጽፎ የነበረ መሆኑን፣ ግን ማንም ከሚዛኑ አልፎ ያልነገረኝ መሆኑን ሳስብ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ደግነቱ ሁሉም አየር መንገድ ደንቡን በዚህ መልክ አይተገብርም። ከልምድ እንዳየሁት አያያዛቸው ሦስት ዓይነት ነው። አንዳንዶቹ ብስክሌት በሥርዓቱ ከታሸገና ከ23 ኪሎ ካልበለጠ ልኩን ችላ ብለው እንደ አንድ ሻንጣ ይቆጥሩታል። ሌሎቹ ለብስክሌት የተወሰነ አንድ ዋጋ አላቸው፤ ቀድመህ ታስመዘግባለህ፣ ትከፍላለህ፣ አለቀ። ሦስተኞቹ ክፍያዎቹን ይደራርባሉ፤ ለልኩ አንድ፣ ክብደቱ ካለፈ ሌላ፣ ከተፈቀደልህ የሻንጣ ቁጥር ካለፈ ደግሞ ሌላ። ኪስ የሚያራቁተው ይህ ሦስተኛው ነው። ሁለት አየር መንገዶች መካከል የቲኬት ልዩነት ትንሽ ሆኖ ሳለ፣ የብስክሌቱ ክፍያ ሲታከልበት ርካሹ ቲኬት ውዱ ይሆናል። ስለዚህ ቲኬት ከመቆረጡ በፊት የስፖርት ዕቃን ደንብ ማንበብ ዋጋ ማወዳደሩ ራሱ ነው።

ደንቡ ሊለወጥ እንደሚችልም አይተናል። የአሜሪካዎቹ አሜሪካን ኤርላይንስና ዴልታ እ.ኤ.አ. በ2019 ለብስክሌትና ለመሰል የስፖርት ዕቃ ያስከፍሉት የነበረውን የልክ ክፍያ አንስተው እንደ ተራ ሻንጣ መቁጠር ጀመሩ። አውሮፕላኖቻቸው በዚያ ዓመት አልሰፉም፤ የሰፋው ውሳኔያቸው ነው። ክፍያው የተፈጥሮ ሕግ እንዳልሆነ ለሚጠራጠር ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

በመንገዱ አየር መንገድ የሚቀይር ሰው ደግሞ የማን ደንብ እንደሚገዛው ማወቅ አለበት። መነሻው ወይም መጨረሻው አሜሪካ የሆነ በአንድ ቲኬት የተቆረጠ ጉዞ ከሆነ፣ የአገሪቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ደንብ በጉዞው መጀመሪያ የነበረው የሻንጣ ፈቃድና ክፍያ እስከ መጨረሻው እንዲሠራ ያዛል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2011 መጨረሻ ጀምሮ ስታር አሊያንስ የተባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል በመሆኑ፣ ከቦሌ ተነስቶ ዋሽንግተን ላይ ወደ ሌላ አባል የሚሸጋገር ተጓዥ ብዙ ነው። በአንድ ቲኬት ከሄደ ዋሽንግተን ላይ እንደገና ክፈል የሚል ሠራተኛ ቢገጥመው የሚከራከርበት መሬት አለው። ሁለት ቲኬት ለየብቻ የቆረጠ ግን ሁለት ጊዜ ይለካል፤ ሁለት ጊዜም ሊከፍል ይችላል።

በእኛ በኩል ሌላ ክብደት ተጨምሯል። የዓለም አቀፍ በረራ የትርፍ ሻንጣ ክፍያ የሚተመነው በዶላር ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከ120 ብር አለፈ። አየር መንገዱ አንድ ሳንቲም ሳይጨምር፣ 100 ዶላር ይባል የነበረ ክፍያ ለደብረ ብርሃኑ ቤተሰብ ከ5 ሺህ 700 ብር ወደ 12 ሺህ ብር ዘሎ ማለት ነው። ካርቶኑን በሜትር የመለካት ጉዳይ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከነበረው ይበልጥ ዛሬ የሚያሳስበው ለዚህ ነው።

ለምን ይለካል?

ደንቡን ብቃወምም ምክንያቱን መካድ አልፈልግም። ሻንጣውን የሚጭነው ሰው ነው። በጠባብ አካል አውሮፕላን ውስጥ፣ ለምሳሌ በቦይንግ 737፣ ጫኞች በዕቃ ክፍሉ ተንበርክከው ነው የሚደረድሩት፤ ቆመው መሥራት አይችሉም። አንድ ሻንጣ ከ32 ኪሎ እንዳይበልጥ የሚለው በብዙ አገር የሚሠራበት ጣሪያም የመጣው ከእነሱ ወገብ ነው። ብትከፍልም ከዚያ በላይ አይቀበሉህም፤ በሁለት ሳጥን ከፋፍለው ይሉሃል። 140 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ካርቶን ደግሞ ከተራ ሻንጣዎች ጋር አይገጥምም፤ በቆመበት ይወድቃል፣ ከተጋደመ ሌላ ዕቃ ይጫንበታል።

ቦሌ የራሱ ነገር አለው። አውሮፕላን ማረፊያው ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ሲሳሳ ክንፉም ሞተሩም የሚይዙት ጉልበት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ረጅም ርቀት የሚሄድ አውሮፕላን ከቦሌ ሲነሳ ነዳጁንም ጭነቱንም እንደ ልቡ መሙላት አይችልም። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን አሜሪካ የሚሄዱ በረራዎች ለዓመታት ደብሊን ወይም ሎሜ እያረፉ ሲሄዱ፣ ከዋሽንግተን የሚመለሰው ግን በቀጥታ አዲስ አበባ የሚገባው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በእንዲህ ያለ በረራ ላይ እያንዳንዱ ኪሎ ተቆጥሮ ነው የሚጫነው። ለዚህም ነው ብዙ የአየር መንገድ ደንቦች ብስክሌትን "ቦታ ካለ" በሚል ቃል የሚቀበሉት። ቀድሞ ያልተመዘገበ ብስክሌት ለቀጣዩ በረራ ሊቆይ ይችላል። ውድድር ያለበት ሰው ከውድድሩ ዋዜማ ሳይሆን ቢያንስ ሁለትና ሦስት ቀን ቀድሞ መድረስ ያለበት ለሰውነቱ ብቻ ብሎ አይደለም።

"ታዲያ በካርጎ ለምን አልልከውም?" ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። በካርጎም ልኩ አይለቅህም። የአየር ጭነት ክብደት የሚሰላው ከሁለቱ በሚበልጠው ነው፤ በሚዛን ክብደት ወይም ሳጥኑ በያዘው ቦታ። የሳጥኑ ሦስት ልኮች በሴንቲ ሜትር ተባዝተው ለ6 ሺህ ይካፈላሉ። 140 በ80 በ20 ሲባዛ 224 ሺህ፤ ለ6 ሺህ ሲካፈል 37 ኪሎ ከ300 ግራም ገደማ። 17 ኪሎ የሚመዝነው የታሸገ ብስክሌት 37 ኪሎ ሆኖ ይከፈልበታል። ጊዜ ኖሮት ለሚጠብቅ ሰው ካልሆነ በስተቀር አልመክርም።

ልኩን ማሸነፍ ይቻላል?

አንዳንዴ ይቻላል። የጎዳና ብስክሌት ሁለት ጎማዎች፣ እያንዳንዳቸው 67 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ በአንድ ካሬ ካርቶን ተደራርበው ሲታሸጉ 67 ሲደመር 67 ሲደመር 24፤ ልክ 158። ፍሬሙ ትንሽ ከሆነ፣ የፊት ሹካው ወጥቶ፣ መሪውና ፔዳሉ ተፈትቶ ወደ ወሰኑ የሚጠጋ ሁለተኛ ሳጥን ይሆናል። ሁለት ሻንጣ የተፈቀደለት ሰው እንዲህ አድርጎ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ማለፍ ይችላል። ዋጋው ግን ሌላ ነው። ሁለቱም ፈቃዶች ለብስክሌቱ ሄዱ ማለት ነው፤ ልብስም ሽሮም የለም። ደግሞ ሹካ ማውጣትና መመለስ ለማያውቅ ሰው ስመክር እፈራለሁ፤ በደንብ ያልጠበቀ የሹካ ራስ ቁልቁለት ላይ ሰው ይገድላል። ለተራራ ብስክሌት ደግሞ ባለ 29 ኢንች ጎማው ብቻውን 74 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን፣ ለሁለቱ ጎማ ውፍረት የሚቀረው 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ በጣም ይጨንቃል። ተጣጣፊዎቹ ትናንሽ ብስክሌቶች ብቻ ናቸው ያለ ሐሳብ የሚያልፉት፤ ብሮምፕተን የተባለው ሲታጠፍ 65 በ58 በ27 ገደማ ነው፣ ድምሩ 150።

ለቀሪው ሰው የሚያዋጣው መንገድ ልኩን የማይቀጣ አየር መንገድ መምረጥና ክብደቱን ከ23 በታች መያዝ ነው። እዚህ ላይ ካርቶን ከደረቅ የፕላስቲክ ሳጥን ይሻላል። ካርቶን 4 ኪሎ ገደማ ነው፤ ደረቁ ሳጥን ባዶውን 10 ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናል። 13 ኪሎ ብስክሌት በካርቶን 17 ሲሆን፣ በሳጥን 23ን ይነካል ወይም ያልፋል። ካርቶን በቀላሉ ይጎዳል ትሉኛላችሁ፤ እውነት ነው። ግን ጫኙ ካርቶን ሲያይ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ጎኑ ላይ "ብስክሌት" ተብሎ በትልቁ ሲጻፍ ደግሞ ይበልጥ ያውቃል።

አንዲት እናት በአንድ ወቅት ፍሬሙ እንዳይጫጭር ብለው የመንዝ ባና አምጥተውልኝ ነበር። ለብርድ ከባና የሚበልጥ የለም፤ ለማሸጊያ ግን ከባድ ነው፤ አንዱ ባና የሽሮውን ኪሎ በሙሉ ይበላል። ከቤት ዕቃ ሱቅ የሚጣል ስፖንጅና የአረፋ ሉህ ለምኖ ማምጣት ነው፤ በነጻ ይሰጣሉ።

ፈቶ ማሸጉ ላይ ብዙ ጊዜ የሚበላሹት ሦስት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ፔዳል ነው። የግራው ፔዳል ጥርሱ የተገላቢጦሽ ስለሆነ የሚፈታው ሌላው ሁሉ ብሎን በሚጠብቅበት አቅጣጫ ነው፤ ይህን ያላወቀ ልጅ ሲታገል ጥርሱን ይጨርሰዋል። ሁለተኛው የኋላ ማርሽ መቀያየሪያው ነው። ካርቶኑ በዚያ ጎን ሲወድቅ መጀመሪያ የሚመታው እሱ ነው፤ ፈትቶ በስፖንጅ ጠቅልሎ ከፍሬሙ ውስጠኛ ጎን ማሰር ነው። ሦስተኛው የዘይት ፍሬን ነው። ጎማው ከወጣ በኋላ የፍሬን እጀታው በድንገት ቢጨበጥ ሸራዎቹ ተጣብቀው ይቀራሉ፤ በመካከላቸው ወፍራም ካርቶን ቆርጦ መሸጎጥ ይበቃል። ዲስክ ያለው ሰው ዲስኩን ፈትቶ ለብቻ ያሽግ፤ ለተጣመመ ዲስክ በሰው አገር ምትክ ማግኘት ያስቸግራል።

ስለ ጎማ አየር

"አየሩን ሙሉ በሙሉ አውጡ፣ አለዚያ ሰማይ ላይ ይፈነዳል" የሚል ምክር በሰፊው ይነገራል። ደንብ ስለሆነ አየር መቀነስ ይገባል፤ ምክንያቱ ግን የተነገረው አይደለም። የመንገደኛ አውሮፕላን የዕቃ ክፍል እንደ መንገደኛው ክፍል ሁሉ ግፊቱ የተጠበቀ ነው፤ የክፍሉ አየር ቢሳሳ ቢሳሳ 2 ሺህ 440 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው አየር አይሳሳም። ደብረ ብርሃን 2 ሺህ 840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እኛ ቤታችን ደጃፍ ላይ የምንተነፍሰው አየር በአውሮፕላኑ ውስጥ ካለው ይሳሳል! እዚህ የተነፋ ጎማ ወደ አውሮፕላን ሲገባ ጭራሽ ትንሽ ይለሰልሳል። እንደ ለንደን ካለ ዝቅተኛ ከተማ የተነፋ ጎማም ወደ ደብረ ብርሃን ሲመጣ የሚጨምረው 4 ፒ.ኤስ.አይ. (የጎማ ግፊት መለኪያ) ያህል ብቻ ነው። 80 እና 100 ፒ.ኤስ.አይ. የሚሸከም ጎማ በዚህ አይፈነዳም።

ለምን እጨነቃለሁ ቢባል፣ አየሩ ሙሉ በሙሉ የወጣ ጎማ ቸርኬውን አይጠብቅም። ካርቶኑ ከተሽከርካሪው ላይ ሲወረወር ቸርኬው በቀጥታ መሬት ያገኛል። ሲጫኑት የሚጎደጉድ ግን ባዶ ያልሆነ ያህል አየር መተው ለደንቡም ለጎማውም ይበቃል።

የማይጫነው

ከደንቦቹ ሁሉ ጥብቁ የባትሪው ነው፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም። የሊቲየም ባትሪ እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለ ልዩ ፈቃድ ይፈቀዳል፤ ከ100 እስከ 160 በአየር መንገዱ ፈቃድ ብቻ፤ ከ160 በላይ በመንገደኛ ሻንጣ ፈጽሞ አይፈቀድም። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ባትሪ በአብዛኛው ከ300 በላይ ነው። ስለዚህ ከውጭ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ይዞ ሊመጣ ያሰበ ዘመድ ካለ፣ ባትሪው በሻንጣ እንደማይመጣ ከመግዛቱ በፊት ይወቅ። ባትሪ የሌለው የኤሌክትሪክ ብስክሌት ደግሞ ከባድ ብስክሌት ብቻ ነው። ትርፍ ትናንሽ ባትሪዎችና ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሳጥኑ ውስጥ አይገቡም። ጎማ የሚነፉ ትናንሽ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጠርሙሶች የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋሉ፤ በእጅ የሚሠራ መንፊያ ይዞ መሄድ ይቀላል። መፍቻዎቹ በሳጥኑ፣ የራስ ቁርና ጫማው በእጅ ሻንጣ። ብስክሌቱ ቢዘገይ ሌላ ብስክሌት ማግኘት ይቻላል፤ እግርህን የለመደ ጫማ ግን አይገኝም።

ቅቤውን እናቷን እያየሁ መመለስ ከብዶኝ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከሌላ ክፍለ ዓለም በሻንጣ የሚገባ የወተትና የሥጋ ተዋጽኦ አይፈቅዱም፤ ቅቤውም ቋንጣውም ይወሰዳል። ሳጥኑ በዚህ ምክንያት ከተከፈተ ደግሞ አስተሻሸጉ ይፈርሳል። ሽሮውና በርበሬው ይሂዱ፤ ግን በፍሬሙ ሥር ዝቅ ብለው፣ በሁለት ድርብ ላስቲክ ታስረው። በርበሬ ሰንሰለት ላይ ቢፈስ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። ወደ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ የሚሄድ ሰው ደግሞ ጎማውን ይጠብ፤ እዚያ አፈር የተጣበቀበትን ዕቃ ድንበር ላይ ይዘው ይመረምራሉ። የእኛ መረሬ ጭቃ ደግሞ በአንድ እጥበት አይለቅም።

አውቶቡሱ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ የመንገደኛ አውሮፕላን ማረፊያ ስለሌለን የአውሮፕላኑ ጉዞ የሚጀምረው በመናኸሪያ ነው። በጫጫ፣ በሸኖ፣ በአለልቱና በሰንዳፋ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባው መንገድ፣ ካርቶኑ ከጠቅላላ ጉዞው የሚጎዳበት ዋናው ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ። በፖርቶመጋላ ላይ ተጋድሞ፣ በላዩ ሁለት ኩንታል ተጭኖበት፣ በገመድ ተጠፍሮ የሚሄድ ካርቶን ቦሌ ሲደርስ አውሮፕላን ሳያይ ተሰብሯል። የተጎዳ ሳጥን ይዞ የቀረበን ሰው ደግሞ አየር መንገዱ "አስተሻሸጉ የተጓዡ ኃላፊነት ነው" የሚል ወረቀት ያስፈርመዋል፤ ከዚያ በኋላ ለሚመጣ ጉዳት ሁሉ አየር መንገዱ ያንን ፊርማ ያሳያል።

ስለዚህ ለደንበኞቼ የምነግረው ይህን ነው፦ ብስክሌቱን እስከ አዲስ አበባ ሳትፈቱት ውሰዱት። ጎማው ላይ የቆመ ብስክሌት ምን እንደሆነ ለሁሉም ይታወቃል፤ ማንም ኩንታል አይጭንበትም። ካርቶኑን አጥፋችሁ ከጎኑ እሰሩ፤ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አሽጉት። ዘመድ ከሌለ በሃይሩፍ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ሁለት ቦታ ከፍሎ ካርቶኑን በቁም መያዝ ከሚጠፋው የተሻለ ወጪ ነው። ከረዳቱ ጋር ዋጋውን ከመሳፈር በፊት ተስማሙ። ባለፉት ዓመታት መንገዱ በጸጥታ ምክንያት ሲዘጋና ሲከፈት እንደቆየ ሁላችንም እናውቃለን። በበረራው ዕለት ጠዋት ከደብረ ብርሃን መነሳት በቲኬት ላይ ዕጣ መጣል ነው፤ ቢያንስ አንድ ቀን ቀድሞ መግባት ግድ ይላል።

ሲሰበር ማን ይከፍላል?

ይህን ክፍል ሰው በደንብ እንዲይዘው እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም መብቱ አለ፣ የሚጠፋው በዝምታ ነው። እ.ኤ.አ. የ1999 የሞንትሪያል ስምምነት ዓለም አቀፍ በረራ ላይ ለሻንጣ መጥፋት፣ መጎዳትና መዘግየት አየር መንገዱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። የተጠያቂነቱ ጣሪያ ከታኅሣሥ 28 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአንድ ተጓዥ 1 ሺህ 519 ኤስ.ዲ.አር. ሆኗል፤ ቀድሞ 1 ሺህ 288 ነበር። ኤስ.ዲ.አር. የዓለም የገንዘብ ድርጅት መለኪያ ነው፤ አዲሱ ጣሪያ ወደ 2 ሺህ ዶላር ይጠጋል። "ለአንድ ተጓዥ" የሚለውን ቃል አስምሩበት። ብስክሌቱም ሁለቱም ሻንጣዎችም ቢጠፉ ጣሪያው ያው አንድ ነው። ከዚያ የሚበልጥ ዋጋ ያለው ብስክሌት ይዞ የሚሄድ ሰው ሲያስረክብ ዋጋውን አስመዝግቦ ተጨማሪ ክፍያ መክፈል ወይም የጉዞ መድን መግባት አለበት።

ቀኖቹ ደግሞ አጭር ናቸው። ጉዳት ሲሆን ሻንጣውን በተረከብክ በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት አለብህ፤ የዘገየ ከሆነ በደረሰህ በ21 ቀን ውስጥ። በ21 ቀን ያልመጣ እንደ ጠፋ ይቆጠራል። ካርቶኑ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳይወጣ እዚያው ይከፈት፤ ጉዳት ካለ ከመውጫው በር በፊት የሻንጣ ጉዳይ ቢሮ ላይ ሪፖርት ይጻፍ። ብዙዎቻችን ደክሞን፣ ዘመድ ውጭ እየጠበቀን፣ "ቤት ሄጄ አየዋለሁ" እንላለን። ቤት ሲታይ ሦስተኛው ሳምንት ይሆናል። ከመታሸጉ በፊት የብስክሌቱ ፎቶ፣ የፍሬሙ መለያ ቁጥርና የግዢው ደረሰኝ በስልክ ይቀመጥ። ይህ ለጉምሩክም ይረዳል፤ ከዚህ ይዘኸው የወጣኸውን ብስክሌት ስትመለስ የራስህ መሆኑን የምታሳየው በዚያ ነው።

ምን ይደረግ?

አየር መንገዶች የብስክሌትን ዋጋ በአንድ ቁጥር፣ በአንድ ገጽ ላይ፣ ቲኬት ከመቆረጡ በፊት ማሳየት አለባቸው ብዬ አምናለሁ። የሚደራረብ ክፍያ ተጓዡን እንጂ የአውሮፕላኑን ዕቃ ክፍል አይጠቅምም፤ የታወቀ አንድ ዋጋ ቢሆን ሰው ቀድሞ ያስመዘግባል፣ ጫኙም ምን ያህል ካርቶን እንደሚመጣ ያውቃል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞች ልካለች። ያን ያህል የቆየ የብስክሌት ታሪክ ያላት አገር ወጣት፣ ብስክሌቱን ይዞ ለመውጣት የሚያስፈልገውን ቁጥር ከጓደኛ ወሬ መልቀም አልነበረበትም።

እስከዚያው በእጃችን ያለውን ማድረግ እንችላለን። የልጅቱ ካርቶን በመጨረሻ 22 ኪሎ ከ400 መዘነ፤ ሽሮው ሄደ፣ ቅቤው ቀረ፤ አየር መንገዷ ብስክሌትን እንደ አንድ ሻንጣ ከሚቆጥሩት ወገን ስለነበር ልኩ አላስከፈላትም። ከሳምንት በኋላ ስትደውል የግራውን ፔዳል በየት በኩል እንደሚጠበቅ ጠየቀችኝና በስልክ መራኋት። አሁን በሱቄ ግድግዳ ላይ ሁለት ንጹሕ ካርቶኖች ታጥፈው ቆመዋል፤ በየላያቸው ልካቸውና ባዶ ክብደታቸው በማርከር ተጽፏል፣ አንዱ 4 ኪሎ ከ200፣ ሌላው 3 ኪሎ ከ900። የሚበር ሰው ይወስዳል፤ ሲመለስ ካርቶኑ ደህና ከሆነ ያመጣዋል። የእጅ ሚዛንና ሜትርም አብሮ አለ። በመሐል ሜዳ፣ በደብረ ሲናና በሸዋ ሮቢት ብስክሌት የሚጠግኑ ወንድሞቼም በየሱቃቸው አንድ አንድ ካርቶን እንዲያቆዩ እየጠየቅኩ ነው፤ የደብረ ሲናው ትናንት እሺ ብሎኛል።